አባይ ጓዙን የሚያራግፍበት ሰፈር

ስሙኝማ፣ ዛሬ ቡሪን ላውጋችሁ። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ፣ እንዳትደናገሩ። ከካርቱም መሀል ተነስታችሁ፣ የአባይን ደቡብ ዳር ይዛችሁ ወደ ፀሐይ መውጫ ስትሄዱ፣ የጦሩን ጠቅላይ መምሪያ አለፍ እንዳላችሁ ቡሪ ናችሁ። ሰፈሩ አንድ ይምሰል እንጂ አራት ነው፤ ቡሪ አል-መሐስ፣ ቡሪ አል-ደራይሳ፣ ቡሪ አል-ላማብ፣ ቡሪ አል-ሸሪፍ። ባንድነት ሲጠሩ «አል-በራሪ» ይባላሉ፤ ቃሉ በዐረብኛ ዱርም ማለት ነው። በ2018 ማብቂያ ሕዝቡ በፕሬዚዳንቱ በአል-በሽር ላይ ሲነሳ የቡሪን ጎረምሶች «የበራሪ አንበሶች» ያሏቸው ለዚህ ነው። ደግሞም አልዋሹም።

እኛ ጥቁር አባይ እንላለን፤ እነሱ «አዝረግ»። ሰማያዊ ማለታቸው ይመስላችኋል፤ በሱዳኖች አፍ ግን አዝረግ ድቅድቅ ጥቁርም ነው። ነሐሴ ላይ ወንዙን ያየ አይከራከርም።

ከቡሪ ቀጥሎ ጅሬፍ አለ፤ አበሻ ይበዛበት የነበረው። ውሃው ሲሸሽ ደለሉን ፍግ ቀላቅለው ያቦኩታል፤ በቅርጽ መትተው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ከምረው ያነዱታል። ቀይ ጡብ ይሆናል። አባይ ማደሪያ የለውም ትላላችሁ አይደል? ጓዙንስ እዚህ ነው የሚያራግፈው።

አንድ ማታ የእኛዋ ልጅ ቡና ከምታፈላበት ጥግ ባንበር ላይ ተቀምጠናል፤ በገመድ የተጠለፈች አጭር በርጩማ ናት። ቡናው ዝንጅብል በዝቶበት ጉሮሮ ይለበልባል። ሁላችን ሐጂ የምንላቸው የመሐስ ሽማግሌ የቤታቸውን ግድግዳ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉና፣

«ወለዲ፣ ይሄ ያንተ አገር አፈር ነው። ኪራይ ልትቀበል መጣህ?» አሉኝ።

«የለም ሐጂ፣ ዘመድ ልጠይቅ ነው» አልኳቸው።

በ2020 ክረምት አባይ ከ1946ቱም ከ1988ቱም በላይ ሞላ። ሐጂ ከጎረምሶች ጋር የአሸዋ ጆንያ ሲያስደረድሩ አድረው ሲነጋ አገኘኋቸው።

«ዘመድህ በዛ» አሉኝ።

ከዚያ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ መጣ። ቡሪ ከጦሩ መምሪያም ከአውሮፕላን ማረፊያውም አጠገብ ናትና፣ ከመጀመሪያው ቀን እሳት ውስጥ ገባች። አበሻው በገዳሪፍ አድርጎ ወደ መተማ ተሰደደ። የእኛዋም ልጅ ጀበናዋን ከምድጃው እንኳ ሳታወርድ ወጣች።

ሠራዊቱ በ2025 ማርች አካባቢውን መልሶ ያዘ። ከወራት በኋላ ሐጂ ደወሉ። በርና መስኮት የለም፣ ግድግዳው ግን አለ አሉ።

«ለልጅቱ ንገራት፣ ጀበናዋን አግኝቼዋለሁ። ጆሮው ብቻ ነው የተሰበረው።»