ድርጅቱ ተዘጋ፣ ሸክላው ቀረ

እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ውስጥ ሸክላ ለሚሸጥ ወጣት ነጋዴ ቀላሉ መንገድ ግልጽ ነበር፦ የውጭ ሙዚቃ አምጣ፣ ሽጥ፣ ትርፍህን ቁጠር። አምሃ እሸቴም ሱቁን የሚያንቀሳቅሰው በዚሁ ነበር። ግን ማታ ማታ በከተማዋ ክለቦች የሚደመጠው የእኛው ሙዚቃ ሱቁ መደርደሪያ ላይ የለም።

አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ ደግሞ አዳዲሶቹን ወጣት ዘፋኞች አያሳትምም። አምሃ ፈቃድ ሳይጠብቅ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀረጸ፤ ውጭ አገር አሳትሞም አመጣው። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ የ1974 አልበም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊው የከተማዋን ሌሊት ዘጋው። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። አሊ አብደላ ካይፋ (አሊ ታንጎ) ግን እዚሁ ቀረ። በዚያው ዓመት የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» አልበም በሸክላ ያወጣው እሱ ነው፤ ኋላ ካሴት ሲመጣም ወደ ካሴት ዞረ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ከሁለቱ የተሳካለት ማን ነው?

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። በእኛ ሙያ መልሱ ቀላል ነው፤ ግራፉ ወደ ላይ ከወጣ ተሳካልህ፣ ስድስት ዓመት ሠርቶ የተዘጋ ድርጅት ደግሞ «ከሰረ» ይባላል። ለትንንሽ ሱቆች የሂሳብ አፕ ስሠራ ግን አንድ ባለሱቅ ስለ ግራፉ ምንም አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ የዱቤ ደንበኞቹ ስም ለሌላ ሰው እንዳይታይ ነው። ለእሱ ሱቅ ማለት የጎረቤት ገመና የሚጠበቅበት ቤት ነው። አፑ ውስጥ ይህን የሚለካ ቁጥር የለም።

አምሃንም በግራፍ ብቻ ብንለካው የምናጣው ይህንኑ ነው። ገንዘብ አይፈልግም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ነጋዴ ነው። ግን ገዢ ያለው ንግድ በእጁ እያለ አደጋ ያለበትን መረጠ። ያሳተማቸው ሥራዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲ እንደገና ወጡ። ዛሬ ስልካችን ላይ የምንሰማቸው ያኔ ስለተቀረጹ ነው።

ቢዝነስ ልትጀምሩ ካሰባችሁ «ምን ያህል አተርፋለሁ?» ብላችሁ ማስላታችሁ አይቀርም። ከጎኑ ሌላ ጥያቄ ጻፉ፦ ሱቁ ቢዘጋ ምን እንዲቀር ትፈልጋላችሁ?