ካርቡሬተርና የመፍታት መብት

የሞተር ሳይክል ታሪክ ሲነሳ ካርቡሬተርን የሚያነሳው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የሃንጋሪ መሐንዲሶቹ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ ቤንዚን እየረጨ ከአየር ጋር የሚቀላቅል ካርቡሬተር በፈጠራ መብት አስመዘገቡ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባህም የራሱን ይዞ ብቅ አለ።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሞተር ዕድሜው የረዘመው ይህ ዕቃ ስለሚፈታ ነው። ለወራት የቆመ ቤንዚን ተንኖ ሙጫ ይተዋል፤ ሙጫው የነሐሷን ቀዳዳ ይደፍናል። መካኒኩ ይፈታል፣ ያጥባል፣ በአየር ይነፋል፣ የደረቀውን ማሸጊያ ጎማ ይቀይራል። በብረት ሽቦ ግን አይጎረጉርም፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣል።

ታሪኩን የቀየረው የጭስ ሕግ ነው። ብዙ ሞተር ሳይክል የምታመርተው ህንድ እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2020 ጀምሮ ሕጓን ስታጠብቅ፣ ለአገር ውስጥ ገበያዋ ከሚሠሩት አዳዲስ ሞተሮች አብዛኞቹ በኮምፒውተር ወደሚታዘዝ መርጫ ዞሩ።

ንጹሕ አየር ይገባናል። ነገር ግን መመርመሪያው በአምራቹ እጅ ብቻ ከቀረ፣ የመንደሩ መካኒክ ተመልካች ይሆናል። እኛም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክለናል። እንግዲህ አዲሱን ማሽን ከማስገባት እኩል፣ የሚፈታውን እጅ ማሠልጠንም የፖሊሲ ጉዳይ ይሁን። መፍታት ያልተፈቀደልን ዕቃ፣ ብንገዛውም የእኛ አይደለም።