የኩባያ ድሪቶ

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰፊዎች «መግ ረግ» የሚሉት ትንሽ የእጅ ሥራ አለ። የብርጭቆ ማስቀመጫ ከምንላት ክብ ነገር ይሰፋል፣ ምግብ ከሚቀርብበት ምንጣፍ ያንሳል። ወደ 15 በ22 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ኩባያውንም፣ ከጎኑ ቁራሽ ዳቦም ይይዛል። ፊቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ይገጣጠማል፣ ከሥሩ ስስ ጥጥ ይነጠፋል፣ ከጥጡ በታች ገበር ይገባል፤ ከዚያ መርፌው ሦስቱንም እየወጋ ያያይዛል። ይህ ሦስቱን ደራርቦ የመስፋት ሥራ «ክዊልት» ይባላል። አንዱን ለመጨረስ አንድ ከሰዓት በኋላ ስለሚበቃ ለስጦታ ተወዳጅ ነው።

በአማርኛ ምን እንበለው?

ቃል በቃል ከሄድን «የኩባያ ምንጣፍ» ነው። አያስከፋም፤ ግን ከፕላስቲክ የተቆረጠውም፣ ከቡሽ የተሠራውም በዚሁ ስም ስለሚጠራ ስፌቱ ይጠፋል።

ሁለተኛው እጩ ከቡና ቤታችን የሚመጣው ማቶት ነው። ተከዜ ሰቲት ተብሎ በሚወርድበት በምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ፣ ከወድ ኤል ሒለው እስከ ገዳሪፍ፣ ቡና እንደኛው በጀበና ይፈላል። ሱዳኖችም ጀበናዋን የሚያስቀምጡባት ቀለበት አለቻቸው፤ ዊጋያ ይሏታል፣ ብዙ ጊዜም በጨሌ አጊጣ ትታያለች። ድንበር ተሻግሮ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሐበሻ ማቶቱን ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻውም። በዚያ ላይ በእኛ ቋንቋ «ስፌት» ሲባል መርፌና ክር ብቻ አይደለም፤ አለላና ሰንደዶም ስፌት ነው። ስለዚህ ማቶት ለዚህ ነገር ቅርብ ዘመድ ይመስላል።

ሥራቸው ግን ይለያያል። ጀበና ቂጧ ክብ ነው፤ ያለ ማቶት ትንከባለላለች። ኩባያ በገዛ እግሩ ይቆማል። ከሥሩ የሚነጠፍለት ሙቀቱና ጠብታው ጠረጴዛውን እንዳያበላሽ ነው። ለጠፍጣፋ ጨርቅ የቀለበትን ስም መስጠት ማቶትንም ትርጉም ያሳጣዋል።

የእኔ ምርጫ «የኩባያ ድሪቶ» ነው። ድሪቶ ቁርጥራጩ በቁርጥራጭ ላይ እየተደረተ የሚሰፋ ጨርቅ ነው፤ ክዊልት ከሚባለው ነገር ከዚህ የቀረበ ቃል አላውቅም። ችግሩ ስሙ የድህነት ሽታ አለው። «ድሪቶ ለባሽ» ስድብ ነው። ቃላት እያበዛ ለሚጽፍም «ደራች» እንለዋለን (ይህን የሚጽፈውም ከዚያ ስም ሁልጊዜ አልዳነም)። ታዲያ ለወዳጅ ድሪቶ በስጦታ ይሰጣል?

ለዚህ መልሱ ያለው እዚያው ጠረፍ ነው። የሱዳኑ መሐዲ ተከታዮች፣ እኛ ድርቡሽ የምንላቸው፣ ዓለምን የናቁ መሆናቸውን የሚያሳዩት በተጣፈ ጅባ ነበር። ጅባው ዳሙር ከሚባለው የእጅ ሸማ ይሰፋል። መጀመሪያ እራፊው የሚጣፈው ልብሱ ስላለቀ ነበር፤ እየቆየ ግን አዲሱ ጅባ ላይም ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ በግራና በቀኝ ተመዛዝኖ ይሰፋበት ጀመር። ድህነትን ለማሳየት የተጣፈው ልብስ የክብር ልብስ ሆነ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ አጼ ዮሐንስ 4ኛ በቆሰሉበት ጦርነት ከሠራዊታቸው ፊት የቆመው ይህን ጅባ የለበሰ ጦር ነው። ለእኛ መራራ ትዝታ ነው፤ ሆኖም እራፊ የማዕረግ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ፈረሶቻቸውም ከድሪቶ አልራቁም። በመሐዲው ዘመን ሱዳን ውስጥ ፈረስን ከጦርና ከሰይፍ የሚከላከል፣ በመካከሉ የታጨቀ ወፍራም የተደረተ ልብስ ይለበስ ነበር። ኩባያን ከጠረጴዛ የሚለየው ስስ ጥጥ ዘዴው ያው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳችሁ ከመኪናው ሥር የወደቀውን ብጣሽ ለምኑ፤ ጥጡን ብቻ ምረጡ። እኔ የመጀመሪያውን ያማረ ናይለን አግኝቼ ሰፋሁት፤ የፈላ ሻይ ያለበት የብረት ኩባያ ሲያርፍበት ተሸበሸበና ቀረ። ብጣሾቹን ገጣጥማችሁ ፊቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ገበሩን ከፊቱ ጋር መልክ ለመልክ አጋጥሙ፣ ጥጡን ከላይ አንጥፉ፣ አራት ጣት የምታህል ክፍት ትታችሁ ዙሪያውን ስፉ። በክፍቷ ገልብጡት፣ ማዕዘኖቹን በእንጨት ጫፍ ገፋ ገፋ አድርጉ፣ ተኩሱት፣ ክፍቷን በእጅ ዝጉ። ድሪቶ የሚያደርገው ከዚህ በኋላ ያለው ስፌት ነው፤ ሁለት ጣት እየተራራቀ ከጫፍ ጫፍ ካልተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ጥጡ አንድ ጥግ ይከማቻል።

ቀይ ጨርቅ ከነጭ ጋር የምትገጥሙ ከሆነ ደግሞ ከመስፋታችሁ በፊት ቀዩን ለብቻው እጠቡት፤ ቀለሙ ይለቃል።