ወንዙም ጀፎረ ነው፦ ከዘቢዳር እስከ አብያታ ያለ የሰው፣ የእንስሳትና የውሃ ታሪክ

የአባሎቻችንን በርበሬ፣ በቆሎና አትክልት ጭነው ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ መኪናዎች የአዋሽን ወንዝ የሚሻገሩት መልካ ቁንጡሬ ላይ ነው። አብዛኞቻችን ይህን ሥፍራ የምናልፈው ስለ ገበያው ዋጋ እያሰብን ወይም እያንቀላፋን ነው። ይሁን እንጂ በዚያው አካባቢ፣ ጎምቦሬ በተባለው ሥፍራ፣ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የውሃ ዳርቻ ቆፍረው አግኝተዋል። በጭቃው ላይ የአዋቂ ሰዎች የእግር ዱካ አለ፤ ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ዱካ አለ፤ ከእነርሱው ጎን የጉማሬ፣ የሌሎች የዱር እንስሳትና የወፎች ዱካ ታትሞ ይገኛል። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 ለዓለም ይፋ የሆነ ሲሆን፣ መልካ ቁንጡሬና ባልጪትም እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሠፍረዋል።

ከዚህ የምንረዳው ሰውና እንስሳ በአንድ ውሃ ዳር መቆም የጀመሩት ትናንት አለመሆኑን ነው። ዛሬ የምሥረታ በዓላችንን ስናከብር ወደ ኋላ መለስ ብለን ይህንን ዝምድና ብናስታውስ ተገቢ ይሆናል። ይህን የምንለው ነገሩ የማኅበራችንን የመስኖ ውሃ፣ የማኅበራችንን ፀረ ተባይና የልጆቻችንን ነገ በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ ጭምር ነው።

እንስሳ በቤታችን

በከተማ እንስሳን መውደድ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግቢያቸው አንበሶች እንደነበሯቸው፣ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻም ከአጠገባቸው እንደማይለይ ብዙ ተነግሯል። በአርሶ አደሩ ቤት ግን ፍቅሩና ኑሮው ተለይተው አያውቁም። በጉራጌ ባህላዊ ቤት ውስጥ ላሟ ሌሊቱን ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ታሳልፋለች። ሙቀቷ ቤቱን ያሞቃል፤ ወተቷና ቅቤዋ ልጆች ያሳድጋል፤ ፍጓ ማለዳ ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ሥር ይገባል። እንሰት ያለ ፍግ አይጠነክርም፤ እንሰት ካልጠነከረ ቆጮ የለም። ስለሆነም አንድ የጉራጌ ልጅ የላሞቹን ስም ከፊደል በፊት ቢያጠና የሚያስገርም አይደለም።

ውሻውም እንዲሁ ያለ ሥራ አይቀመጥም። ሌሊት ጅብ ወደ በረት እንዳይጠጋ፣ ጃርትና ከርከሮ እንሰቱን እንዳይጎዱ ይጮኻል። ድመቷም ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች። እዚህ ላይ እውነቱን መሸፋፈን አይገባም፤ አርሶ አደር የዱር እንስሳ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ጃርት የእንሰቱን ሥር ሲቦረቡር፣ ፍልፈል ከሥር ሲቆርጥ፣ ዝንጀሮ የበቆሎ ማሳ ሲያወድም የሚደርሰውን ብስጭት የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው። ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ የሚናገር ሁሉ ከዚህ ኪሳራ ቢጀምር አርሶ አደሩ ያዳምጠዋል።

ጀፎረ

አያቶቻችን ግን ሰው፣ ከብትና ሣር አብረው የሚኖሩበትን አንድ ትልቅ ዘዴ ትተውልናል፤ ጀፎረን። ጀፎረ በመንደሩ መሐል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ ሜዳና መንገድ ነው። ከብት ይግጥበታል፤ ጥጃ ይቦርቅበታል፤ ሠርግ ይሸኝበታል፤ ለቅሶ ይቀመጥበታል፤ ሽማግሌ ይሸመግልበታል። ቤቶች ሁሉ ፊታቸውን ወደ እርሱ አድርገው በግራና በቀኝ ይሠራሉ።

የጀፎረ ትልቁ ነገር ስፋቱ አይደለም፤ ማንም አጥሩን ወደ እርሱ አለመግፋቱ ነው። መንደርተኛው ሁሉ አንድ አንድ ክንድ ቢገፋ ጀፎረ በአንድ ትውልድ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ ሆኖ ይቀር ነበር። የጠበቀው ዘበኛ ሳይሆን ባህላዊው ሕግና የጎረቤት ዓይን ነው። ጀፎረን የገፋ ሰው የሚጋፋው አንድን ሰው ሳይሆን መንደሩን በሙሉ መሆኑን ያውቃል። እንግዲህ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከመውጣቱ ከብዙ ትውልድ በፊት፣ የጋራን ነገር በጋራ ሕግ የመያዝ ትምህርት በደጃችን ተዘርግቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ሁለት ወገን የሚያፈሰው ተራራ

ከቡታጅራ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የዘቢዳር ተራራ ሁልጊዜም ከፊቱ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,600 ሜትር ይበልጣል። የጉራጌ ተራሮች ውሃ በሁለት ወገን ይወርዳል። ወደ ምዕራብ የወረደው በወልቂጤ በኩል ዋቤን፣ ከዚያም ግቤንና ኦሞን ተከትሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ የወረደው፣ የእኛን ማሳዎች እያቋረጠ ወደ መቂ ወንዝ ይገባል። መቂም 1,636 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደሚገኘው ዝዋይ ሐይቅ፣ በጥንት ስሙ ደምበል፣ ይፈስሳል።

ዝዋይ ለእኛ ባዕድ አገር አይደለም። በሐይቁ ደሴቶች ላይ የኖረው የዛይ ሕዝብ ቋንቋ ከስልጥኛና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ዛዮች በሸምበቆ መሰል የውሃ ተክል ታንኳ እየሠሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ ለዘመናት ኖረዋል። ጉማሬው፣ ዓሣ በሉ ንስር፣ ፔሊካኑና ልዩ ልዩ የውሃ ወፎች የሚኖሩትም በዚሁ ውሃ ነው። በመስከረም አካባቢ ከአውሮፓ ተነሥተው የሚመጡ ሽመላዎችም ክረምታቸውን በስምጥ ሸለቆው ያሳልፋሉ።

ዝዋይ በመቂና ከአርሲ በኩል በሚመጣው ቀታር ወንዝ ይሞላል። ሲሞላም ትርፉን በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ ደቡብ፣ ወደ አብያታ ሐይቅ ይለቃል። አብያታ ግን ወደየትም አይፈስስም፤ የመጣለትን ውሃ ፀሐይ ታተነዋለች። ስለዚህ በዘቢዳር ምሥራቃዊ ገጽ የወረደ ጠብታ፣ መንገድ ላይ ማንም ካልወሰደው፣ ማረፊያው አብያታ ነው።

የሻላ ፔሊካኖች

አብያታ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ጎረቤቱ ሻላ ደግሞ 266 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚስተካከለው የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ቢሆንም ጠባያቸው የተለያየ ነው። በሻላ ዓሣ እምብዛም አይገኝም፤ ነገር ግን አዳኝ አውሬ የማይደርስባቸው ደሴቶች አሉት። አብያታ ደግሞ ደሴት ባይኖረውም በዓሣ የበለጸገ ነበር።

ነጩ ፔሊካን ይህንን ልዩነት ተጠቅሞበታል። ጎጆውን በሻላ ደሴት ይሠራል፤ ምግቡን በአብያታ ይፈልግ ነበር። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 3 ሜትር ስለሚደርስና ሰውነቱ ስለሚከብድ፣ ፀሐይ ምድሩን አሙቃ ሞቃት አየር ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ይጠብቃል። ከዚያም በዚያ አየር ላይ እየተሽከረከረ ከፍ ይልና ክንፉን ብዙም ሳያርገበግብ ጋራውን አልፎ ወደ አብያታ ይወርዳል። አንድ ፔሊካን በቀን ወደ 1 ኪሎ ግራም ዓሣ ያስፈልገዋል።

የወፍ አጥኚው ሌስሊ ብራውን፣ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ከነበሩት ኤሚል ኧርባን ጋር ሆነው፣ ስለ እነዚህ ፔሊካኖች የመራባት ሁኔታ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመዋል። ጊዜው ኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ሀብቷን በሕግና በተቋም መያዝ የጀመረችበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በጁሊያን ሐክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ቡድን አገሪቱን ጎብኝቶ ምክር ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ የአዋሽና የስሜን ብሔራዊ ፓርኮች ተቋቋሙ፤ አብያታና ሻላም ለውሃ ወፎቻቸው ሲባል ተከለሉ። ቀድሞ ለአደን ጠመንጃ ይዞ ይመጣ የነበረው የሩቅ አገር ሰው ካሜራና አቅርቦ ማያ መነጽር ይዞ መምጣት ጀመረ። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ የሚገኝባት ኢትዮጵያ ዛሬም እንዲህ ዓይነቱን እንግዳ ታስተናግዳለች።

የአብያታ መጉደል

ይህ ታሪክ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን አብያታ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከነበረው ስፋት ከግማሽ በላዩን አጥቷል። ቀድሞ ውሃ የነበረው ሥፍራ ዛሬ ነጭ ጨዋማ አፈር ሆኖ ነፋስ ያቦነዋል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከሐይቁ ውሃ ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካ ተተክሏል። በዝዋይና በቡልቡላ ዳር ትላልቅና ትናንሽ መስኖዎች፣ በኋላም የአበባ እርሻዎች ተስፋፍተዋል። በፓርኩ ውስጥ ግራሩ ለከሰልና ለእርሻ ተመንጥሯል። የዝናቡ መዋዠቅም ታክሎበታል። በመቂና በቀታር ላይ የተተከሉ የውሃ ሞተሮች መብዛትም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። በዚህ የመጨረሻው ውስጥ እኛም አለንበት።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ዝዋይ ወደ ቡልቡላ ውሃ የሚለቀው ከአፉ ሲተርፍ ብቻ ነው። በዝዋይ ላይ የደረሰ ጥቂት መቀነስ በቡልቡላ ላይ ትልቅ መቀነስ ይሆናል፤ አብያታ ላይ ሲደርስ ደግሞ መድረቅ ይሆናል። ውሃው ሲያንስ ጨውና ሶዳው ይበረታል። ጨውና ሶዳው ሲበረታ ዓሣው ያልቃል። እንዲህም ሆነ፤ የአብያታ ዓሣ ጠፋ፤ ፔሊካኖቹም ጫጩቶቻቸውን በሻላ ትተው ለምግብ እስከ ዝዋይ ድረስ ርቀው ለመብረር ተገደዱ። ርቀቱ በጨመረ መጠን የሚያድገው ጫጩት ያንሳል። በጨው ውሃ ከሚያድግ ዋቅላሚ የሚመገበው ፍላሚንጎ ግን በሐይቁ መታየቱን አላቆመም፤ ጎብኚው ዛሬም የሚያየው ሮዝ ቀለም የእርሱ ነው።

ወንዙም ጀፎረ ነው

አንድ የመስኖ ተጠቃሚ አባል «እኔ አንድ ሞተር ብቻ ነው ያለኝ፤ የእኔ አንድ ሞተር ሐይቅ ያደርቃል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ አያደርቅም ነው። አንድ ክንድ የተገፋ አጥርም ጀፎረን አያጠፋም። ጀፎረ የሚጠፋው ሁሉም «የእኔ አንድ ክንድ ብቻ ናት» ያለ ዕለት ነው።

ልዩነቱ በጀፎረ ላይ ጎረቤት ያያል፤ በወንዝ ላይ ግን የሚጎዳውን አናየውም። የመቂ ጫፍ ሩቅ ነው። የዛይ ዓሣ አጥማጅ መጥቶ በራችን ላይ አይጮኽም፤ ፔሊካኑም ለሽማግሌ አቤት አይልም። ስለዚህ የጎረቤትን ዓይን ሥራ ሊሠራ የሚችለው የእኛው ማኅበር ነው። የሚከተሉት ከአቅማችን በላይ አይደሉም።

1ኛ. በአንድ ወንዝ የሚጠቀሙ አባላት ሞተር የሚያስነሡበትን ቀን በተራ ቢያደርጉ፣ በበጋም ለወንዙ የሚቀር ውሃ እንዲኖር ቢስማሙ፣ ከታች ላሉ መሠረታዊ ማኅበራትም ፍትሐዊ ይሆናል።

2ኛ. ፀረ ተባይ ለአባላት የሚደርሰው በአብዛኛው በማኅበራችን በኩል ነው። ባዶ ዕቃውን መልሶ መሰብሰብም የማኅበራችን ሥራ ሊሆን ይገባል። በወንዝ የታጠበ የመርጫ ዕቃ መጀመሪያ የሚጎዳው ዓሣውን ቢሆንም፣ ከታች ያው ውሃ ለሰውም መጠጥ ነው።

3ኛ. በዘቢዳር ተዳፋት ላይ እርከን መሥራትና ምንጭ ዳር ባሕር ዛፍ ከመትከል መቆጠብ ውሃውን በምድር ውስጥ ያቆየዋል። በደለል ፈንታ ንጹሕ ውሃ ይወርዳል።

4ኛ. በወንዝ ዳር ጥቂት ሜትር ሳይታረስ ቢቀር ሣሩ ለከብት ይሆናል፤ ዛፉም ለወፍና ለንብ መጠለያ ይሆናል። ይህ የጀፎረ ታናሽ ወንድም ነው።

የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎችም የድርሻቸውን እንዲወጡ እንጠይቃለን። አርሶ አደሩ ብቻውን ሞተሩን አጥፍቶ ከታች ያለው ትልቅ እርሻ ያለ ገደብ የሚቀዳ ከሆነ ስምምነቱ አይጸናም። ውሃው አንድ ስለሆነ ሕጉም ከላይ እስከ ታች አንድ መሆን ይኖርበታል። በጃርትና በዝንጀሮ ሰብሉ የወደመበትን አባልም «ታገሥ» ከማለት ያለፈ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» እንዲሉ፣ ለአንድ አባል የሚከብደው ለማኅበር ቀላል ነው። ዩኒየናችን እስካሁን ማዳበሪያና ዘር በማቅረብ፣ ለምርታችን ገበያ በመፈለግ አገልግሎናል። በሚቀጥሉት ዓመታት ደግሞ በጋራ የምንቀዳውን ውሃ በጋራ የምንጠብቅበት ይሁን።

በመልካ ቁንጡሬ ጭቃ ላይ ዱካቸውን የተዉት ሕፃናት ከወፎች ጋር በአንድ ውሃ ዳር ነበሩ። የእኛም ልጆች አንድ ቀን የመቂን ወንዝ ተከትለው ወርደው፣ ከአያቶቻቸው ተራራ የፈለቀ ውሃ ዳር ቆመው፣ ፔሊካኑ በሞቃቱ አየር ላይ ከፍ ሲል ቢያዩ፣ ውሃውን ያሳለፍንላቸው እኛ ነን ለማለት ያብቃን።

መልካም የምሥረታ በዓል!