የድጎማው መለኪያ፦ የጎጃም ደጋ ገበሬና የማዳበሪያ ዕዳ

ሻሂዱር ራሺድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢትዮጵያ ያለ ቀጥተኛ የዋጋ ድጎማ የማዳበሪያ ፍጆታዋን ያሳደገች አገር ሆና ትቀርባለች። ጥናቱ በተሰረዘ ብድርና በከረመ ክምችት የተሸሸገ የመንግሥት ወጪ መኖሩን አልካደም። ሒሳቡን ግን ከግምጃ ቤቱ ወገን ብቻ ይቆጥራል። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ድጎማ መለካት ያለበት ዕዳው በሚከፈልበት ወርና ኪሳራውን በሚሸከመው ሰው ነው የሚል ነው።

ስለ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ማሳያዎችና በ1987 ዓ.ም. ስለተጀመረው የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ብዙ ተጽፏል፤ ማዳበሪያ የበቆሎና የጤፍ ምርት መጨመሩ አያከራክርም።

የሚያከራክረው ገበሬው ማዳበሪያውን የሚወስድበት ብድር ነው። በ1989 እና በ1990 ዓ.ም. ድጎማው ተነሥቶ ዋጋው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ብድሩ በመንግሥት እጅ ቀረ። ክልሉ ለባንኩ ዋስ ይሆን ነበር፤ ያልተመለሰው ዕዳም ከፌዴራል በጀቱ ይቆረጥበት ነበር። ግፊቱ ከክልል ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ወርዶ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጫንቃ ላይ ያርፍ ነበር። በክረምት አዘራር ያስተማረው ሰው በበጋ ዕዳ ሰብሳቢ ሆኖ ይመጣ ነበር።

ግማሽ ሄክታር ጤፍ የሚዘራ የምሥራቅ ጎጃም ጎዛምን ወረዳ ገበሬ እንውሰድ። በዘመኑ ምክር ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ይባል ስለነበር፣ የእርሱ ድርሻ ከእያንዳንዱ 50 ኪሎ ነበር። ቅድመ ክፍያ የሚጠየቀው ጎተራው በተራቆተበት ወቅት ነበር። ቀሪውን የሚከፍለው ደግሞ ጤፉ ተወቅቶ አገሬው ሁሉ እህሉን ገበያ በሚያወጣበት ጊዜ ነበር። እስከ ክረምት ቢያቆየው የተሻለ የሚያወጣለትን እህል ለዕዳው ሲል በርካሽ ያራግፍ ነበር። ይህ ልዩነት በየትኛውም የድጎማ ሠንጠረዥ አይታይም፤ ከገበሬው ኪስ ግን ወጥቷል።

1994 ዓ.ም. ነገሩን ገሃድ አወጣው። ምርቱ ሞልቶ የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ፣ እንደ ምዕራብ ጎጃም ባሉ የበቆሎ አካባቢዎች ዕዳው በብር እንደተጻፈ ቀረ፤ ዕዳውን ለመክፈል የሚሸጠው እህል ግን በዛ። በተከታዩ ክረምት የማዳበሪያ ፍጆታ ቀነሰ። የመንግሥት ዋስትና ባንኩን ጠበቀ፤ ገበሬውን የጠበቀ አልነበረም። በደርግ ዘመንም የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከጎጃም በተወሰነ ዋጋ ኮታ ይወስድ ነበርና፣ አንዱ እጅ የሰጠውን ሌላው እጅ መንጠቁ የቆየ ልማድ ነው። በዚህ ላይ፣ ጎዛምንን በመሰለ አካባቢ አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ያላገኘ ማሳ ከማዳበሪያው ሙሉ ጥቅም አያገኝም፤ ዕዳው ግን ሙሉ ነው።

ብድሩ በጥብቅ ካልተሰበሰበ ሥርዓቱ ይፈርሳል የሚሉ አሉ። እኛም ይሰብሰብ እንላለን፤ ጥያቄያችን መቼ የሚለው ነው። ጎጃም ትርፍ አምራች ስለሆነ ምሳሌ አይሆንም የሚለውም አይጸናም፤ የማዳበሪያና የብድር የኤክስቴንሽን ፓኬጁ የተነደፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ደጋ ነውና።

እርግጥ ነው፣ ወረዳ ከወረዳ ይለያያል፤ ድምዳሜውን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲንር መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ለማዳበሪያ መደጎሙ ጥያቄውን ይበልጥ ያጠነክረዋል። መክፈያው ወደ ሚያዝያ ካልተገፋና ዋጋ በወደቀ ዓመት ዕዳው ካልተራዘመ፣ በከረጢቱ ላይ የተሰጠው ድጎማ ገበያ ላይ ተመልሶ ይወሰዳል።