የሌሊት ሞግዚቶች በኢሉባቦር

የኢሉባቦር ታሪክ ሲነገር ጎሬና መቱ፥ ቡናና የጋምቤላ ንግድ ይነሣሉ። የአገሩ ገዥ ራስ ተሰማ ናደው በ1901 ዓ.ም. የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው መሾማቸውም ተጽፏል። ሌሊት አልተኛም ብሎ የሚያለቅሰውን ሕፃን ሲያባብሉ ያነጉ እናቶች ግን ከመዝገብ አልገቡም።

ሥራቸው ዕውቀት ነበረበት። ልጁን በአንቀልባ አዝለው፥ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ እሹሩሩ እያሉ ይመላለሱ ነበር። በ2005 ዓ.ም. በጃፓን የተደረገ ምርምር፥ እናት ሕፃኗን ታቅፋ ስትራመድ የልቡ ምት እንደሚረግብ፥ ልቅሶውም እንደሚቀንስ አስረድቷል። አራስ ልጅ ሌሊትን ከቀን የሚለየው ከጥቂት ወራት በኋላ ስለ ሆነ፥ እምቢታው ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ የሹመቱን ታሪክ ስንመረምር የአያቶቻችንንም እሹሩሩ በየቋንቋው ልንመዘግብ ይገባናል፤ ዜማው ከባለቤቶቹ ጋር ያልፋልና።