ዓይነ ኅሊና የሌለው ሠዓሊ፦ የአንድ የተዘነጋ ግኝት ታሪክ



ንግግሬን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ዛሬ ጠዋት ቁርስ የቀረበበትን ገበታ እስቲ አስቡት። ምስሉ ደማቅ ነው ወይስ ደብዛዛ? የዕቃዎቹስ ቀለም ይታያችኋል? ይህ ጥያቄ የእኔ አይደለም። እንግሊዛዊው ሊቅ ፍራንሲስ ጋልተን ለብዙ ሰዎች በጽሑፍ አቅርቦት ያገኘውን መልስ በ1880 አሳትሟል። በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋልተን አስቀድሞ የጠየቀው የሳይንስ ሰዎችን ነበር፤ ከሌላው ይልቅ ትክክለኛ መልስ ይሰጡኛል ብሎ ስላመነ ነው። መልሳቸው ግን አስደነቀው። ብዙዎቹ በአእምሮ ውስጥ የሚታይ ምስል የሚባል ነገር ፈጽሞ እንደማያውቁ፣ አነጋገሩም ዘይቤ ብቻ እንደሚመስላቸው ገለጹለት። ከሌላው ኅብረተሰብ የጠየቃቸው ብዙ ሰዎች ደግሞ ምስሉን ጥርት አድርገው እንደሚያዩ ያለ አንዳች ማመንታት መለሱ። እርግጥ ነው፣ ብሩወርና ሾመር-ኤይኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት መልሶቹን እንደገና መርምረው፣ ጋልተን ስለ ሳይንስ ሰዎች የደረሰበት ድምዳሜ የተጋነነ መሆኑን አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ዋናው ግኝት አልፈረሰም፤ ሰዎች በዚህ ረገድ እጅግ ይለያያሉ።

ታዲያ ይህን ያህል ሰፊ ልዩነት እንዴት ተሰውሮ ኖረ? አንደኛው ምክንያት ቋንቋ ይመስለኛል። በአማርኛችንም «በዓይነ ኅሊናህ ተመልከት» እንላለን። ምስል የሚታየው ሰው ቃሉን እንዳለ ይቀበለዋል፤ የማይታየው ደግሞ «አስብ» ለማለት የተነገረ ዘይቤ አድርጎ ይወስደዋል። አንዱ ሰሙን፣ ሌላው ወርቁን ይሰማል፤ ሁለቱም ግን ተግባባን ብለው ይለያያሉ። ሰው የሌላውን አእምሮ የሚለካው በራሱ አእምሮ ነውና፣ የጋራው ቃል ልዩነቱን ሸፈነው።

ሁለተኛው ምክንያት የትምህርቱ ዘርፍ የተከተለው መንገድ ነው። አሜሪካዊው ጆን ዋትሰን በ1913 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሥነ ልቦና በውጭ የሚታየውን የሰው ጠባይ እንጂ እያንዳንዱ ስለ ውስጡ የሚናገረውን ማጥናት እንደሌለበት ተከራከረ። ይህ አስተሳሰብ በገነነባቸው ዐሥርት ዓመታት የጋልተን ዓይነት ጥያቄ ከምርምር መድረክ ገሸሽ ተደረገ። ጉዳዩ ስም ያገኘው በ2015 ነው። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም አደም ዜማን ከባልደረቦቹ ጋር፣ ከልደት ጀምሮ ምስል ታይቷቸው የማያውቁ 21 ሰዎችን ሁኔታ ዘግቦ «አፋንታዚያ» ብሎ ሰየመው። ስሙ የተወሰደው አርስቶትል በአእምሮ ውስጥ ምስል ለሚፈጥረው ኃይል ከተጠቀመበት የግሪክ ቃል ነው። እነዚያ ሰዎች ለሐኪሙ የጻፉለት፣ ይህን ኃይል ስላጣ አንድ ሰው የወጣ የመጽሔት ጽሑፍ አንብበው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሥነ ጥበብ እንሻገር። አርስቶትል ነፍስ ያለ ምስል አታስብም ብሎ ነበር። እንግዲያው ምስል የሌለው ሰው እንዴት ይሥላል? ጋልተን ሰዎችን በተፈጥሮ ችሎታቸው በደረጃ ለመደርደር የሚጥር፣ ዩጀኒክስ የተባለውን አስከፊ አስተሳሰብ የመሠረተ ሰው ነበር። እርሱ እንኳ በ1883 መጽሐፉ፣ ምስል የማይታያቸው ሰዎች ለንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባልነት የሚበቁ ሠዓሊዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ጽፏል። ይህን ዐረፍተ ነገር ከቁም ነገር የቆጠረው ግን ጥቂት ነው።

ማስረጃው በዘመናችን ተገኘ። ለ1989ኙ «ትንሿ የባሕር እመቤት» ፊልም የአሪየልን ገጸ ባሕርይ የነደፈው አሜሪካዊው ግሌን ኪን በአእምሮው ምስል አይታየውም። የፒክሳር ተባባሪ መሥራች ኤድ ካትሙልም እንዲሁ ነው። ኪን የሚሥለውን አስቀድሞ ዐይቶ አይገለብጥም፤ መስመር በመስመር ላይ እየደራረበ ይሞክራል፤ መልኩም ከወረቀቱ ላይ ቀስ በቀስ ይወጣል። ለሌላው ወረቀት የማስፈሪያ ቦታ ሲሆን፣ ለእርሱ ግን የማያ ቦታ ነው።

በ2021 የታተመው የዊልማ ቤይንብሪጅና የባልደረቦቿ ጥናትም አንድ ነገር ይጨምራል። አፋንታዚያ ያላቸው ሰዎች ያዩትን የክፍል ፎቶግራፍ ከትዝታ እንዲሥሉ ሲጠየቁ፣ ያስታወሷቸው ዕቃዎች ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ፤ ቀለምም እምብዛም አልተጠቀሙም። ዕቃዎቹን በየቦታቸው በማስቀመጥ ግን ከሌሎቹ አላነሱም፤ በፎቶግራፉ ውስጥ ያልነበረ ዕቃ የመጨመር ስሕተታቸውም ያነሰ ነበር። እንግዲህ ትዝታ ሁሉ ሥዕል አይደለም፤ የቦታ ዕውቀት አለ፤ የቃል ዕውቀትም አለ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ምንድን ነው? «መጀመሪያ በኅሊናህ ሣለው፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ አውርደው» የሚል መምህር ክፉ አላሰበም፤ የራሱን መንገድ አስተማረ እንጂ። ነገር ግን ትእዛዙን መፈጸም ያልቻለው ተማሪ ጉድለቱን ከተሰጥኦው ይቆጥረውና እርሳሱን ሊያስቀምጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት እርሳሳቸውን ያስቀመጡትን የመዘገበ የታሪክ ጸሐፊ የለም። የጋልተን መልስ ሰጪዎች እውነቱን ተናግረው ነበር፤ ለቃላቸው ስም እስኪሰጠው 135 ዓመታት አለፉ። በየክፍላችን «እኔ አይታየኝም» የሚል ተማሪ ቢገጥመን፣ ከማረማችን በፊት እንስማው፤ ከዚያም «አንተስ በምን መንገድ ትደርሳለህ?» ብለን እንጠይቀው።